የዓባይ ሸለቆ መንገድ

ብዙ ሰው ወንዝን ሲያይ ውኃ ብቻ ያየ ይመስለዋል። ወንዝ ግን ድንጋይን ይቈርጣል፤ አፈርን ይሸከማል፤ ዛፍን ያበቅላል፤ አንዱን አገር ከሌላው አገር ይለያል። ሰው ደግሞ በጥበቡ ድልድይ ሠርቶ የተለያየውን ያገናኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን በዐይኑ አይቶ ለመረዳት የሚወድ ሰው በእግሩ ወደ ወንዝ ሸለቆ ይውረድ። በኢትዮጵያ ለእንዲህ ያለ ጕዞ ከሚመቹት ስፍራዎች አንዱ የጢስ ዓባይ ሸለቆ ነው።

ዓባይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው በባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ነው። በመውጫው አካባቢ ወንዙ ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ ጉማሬም ይታይበታል። በሐይቁ ላይ ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ዕቃም ያመላልሳሉ። ወንዙ ከዚያ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ግን በድንገት ወደ ገደል ይወድቃል። የሚወድቀው ውኃ በዐለቱ ላይ ተሰባብሮ እንደ ጢስ ወደ ላይ ስለሚነሣ ስፍራው ጢስ ዓባይ ይባላል። ፏፏቴውን ጢስ እሳት ብለው የሚጠሩትም አሉ።

ጕዞው የሚጀመረው በዚሁ ስም በምትጠራው ትንሽ ከተማ ነው። እንግዳው በዚያ የመግቢያውን ዋጋ ይከፍላል፤ የአገሩ ተወላጅ የሆነ መሪም ይዞ ይነሣል። አንዳንድ ሰው፥ «መንገዱ ይታያል፤ መሪ ለምን ያስፈልገኛል?» ይላል። መንገዱስ በእርግጥ ይታያል። ነገር ግን የትኛው ድንጋይ እንደሚያዳልጥ፥ የትኛው ጅረት ዝናብ ሲመጣ እንደሚሞላ፥ የትኛው መሬት የሰው ማሳ እንደ ሆነ በዐይን ብቻ አይታወቅም። ይህን የሚያውቅ በዚያ ተወልዶ ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው ነው። አባቶች «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ሲታይ ጸጥ ያለ ወንዝ ከሥሩ ብርቱ ኃይል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ መሪው በዕድሜ ከእንግዳው ቢያንስ እንኳ በመንገድ ላይ አስተማሪው እርሱ ነው። አዋቂ ሰው ከእረኛ ለመማር አያፍርም።

ከከተማዋ ወጥተው ጥቂት ሲሄዱ መንገዱ ወደ ታች ያቈለቍላል። ከፏፏቴው በታች ዓባይ በጥቍር ዐለት መካከል ተጨንቆ በጠባብና በጥልቅ ስንጥቅ ውስጥ ያልፋል። ያን የሚያህል ወንዝ በዚህ ስፍራ እንዲህ ጠቦ ሲታይ ያስደንቃል። በዚሁ ጠባብ ስፍራ ላይ የአላታ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ ተሠርቶበታል። አላታ በአጠገቡ ያለ ወደ ዓባይ የሚገባ ወንዝ ስም ነው። ድልድዩን ያሠሩት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው፤ ዘመኑም በፈረንጆች አቈጣጠር 1626 ነበር። በዚህ ትምህርት የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከዚህ አስቀድሞ በዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የነበረው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ የተባለ የፖርቱጋል ካህን ስለዚህ ሥራ ጽፏል። እርሱ እንደሚለው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በአላታ ወንዝ አጠገብ ተገኘ። ሥራውንም የመራው ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ጋር ከሕንድ የመጣ አንድ ባለ ሙያ ነበረ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ነገር ግን ትእዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ኖራውም የዚያው ምድር ነው፤ ጥበቡም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። መልካም ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ድንጋዩን የተሸከሙትና ኖራውን ያቦኩት ሰዎች ስማቸው ዛሬ አይነገርም፤ ሥራቸው ግን ቆሟል።

የድንጋይ ድልድይ ያለ ብረት እንዴት ሊቆም ይችላል? ምክንያቱ ይህ ነው። የድልድዩ ሆድ እንደ ቀስት የጐበጠ ነው። በጐበጠው ቅስት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ድንጋይ ሊወድቅ ሲል ጎረቤቱን ይገፋል፤ ጎረቤቱም መልሶ ይገፋዋል። ክብደቱም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተላለፈ በወንዙ ዳርና ዳር ወዳለው ዐለት ይወርዳል። ኖራውም በመካከሉ ያለውን ክፍተት ይደፍናል። እንዲህ ሆነው አንዱ ሌላውን እየደገፈ ሰውንና ጭነት የያዘ እንስሳን ለአራት መቶ ዓመታት ያህል አሳልፈዋል። ነገር ግን ከቅስቱ አንድ ድንጋይ ቢነቀል የቀሩት ድጋፋቸውን ያጣሉ። ስለዚህ ለቤቱ መሠረት ወይም ለመታሰቢያ ብሎ ከእንዲህ ያለ ድልድይ ድንጋይ የሚያነሣ ሰው አንድ ድንጋይ ብቻ የወሰደ አይምሰለው። የብዙዎችን መንገድ ወስዷል።

ድልድይ ምን እንደሚጠቅም የሚያውቀው ድልድይ ያጣ ሰው ነው። በክረምት ዓባይ ሲሞላ ድልድይ በሌለበት ስፍራ የጐጃም ሰው ወደ በጌምድር፥ የበጌምድርም ሰው ወደ ጐጃም ሊሻገር አይችልም ነበር። ዘመድ ከዘመድ፥ ነጋዴም ከገበያው ይለያያል። ከአላታ በታች ራቅ ብሎ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሌላ የድንጋይ ድልድይ ነበረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ በኋላ በዚያ የሚሻገሩ ሰዎች ወገባቸውን በገመድ ታስረው፥ በወዲህና በወዲያ ማዶ ያሉ ጕልበተኞች እየጐተቷቸው፥ በገደሉ ላይ በአየር ይተላለፉ ነበር። ለእግረኛ የሚሆን አዲስ ድልድይ የተሠራላቸው በ21ኛው መቶ ዓመት ነው። ለማፍረስ አንድ ቀን ይበቃል፤ ለመጠገን ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

የአላታን ድልድይ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፤ በመንደርና በማሳ መካከልም ያልፋል። በዚህ ስፍራ መሪው እንግዶቹን በመስመር አድርጎ ይወስዳቸዋል፤ ሰፍተው ቢሄዱ የሰው እህል ይረገጣልና። ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ሲገናኙ ቆም ብለው «እንደምን ዋሉ አባቴ» ማለት ይገባል። የሰውን መልክ በመሣሪያ ለማንሣት የሚፈልግም አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ሰው ለማየት እንጂ ለመታየት ብቻ የተፈጠረ አይደለምና። ቤታቸው አጠገብ መንገድ ስላለፈ የመንደሩ ሰዎች ቤታቸው ገበያ አልሆነም።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ፏፏቴው ፊት ለፊት ይታያል። ከፍታው ከ37 እስከ 45 ሜትር ነው ይባላል። ክረምት በሙላት ሲወርድ ስፋቱ ከ400 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። ከውኃው የሚነሣው ጢስ የመሰለ ጉም በአጠገቡ ያለውን ሣር ያረጥባል። ፀሐይ ከተመልካቹ ኋላ ስትሆን በጉሙ ውስጥ ቀስተ ደመና ይታያል። ይህ የሚሆነው የፀሐይ ብርሃን በትንንሾቹ የውኃ ጠብታዎች ውስጥ ሲያልፍ ተጣምሞ ወደ ቀለሞቹ ስለሚከፈል ነው። ነጭ መስሎ የሚታየው ብርሃን ብዙ ቀለም በውስጡ አለው።

ገደሉስ ከወዴት መጣ? የምድርን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት መልሱን ከጥቍሩ ድንጋይ አገኙት። በጥንት ዘመን በዚህ አገር ከምድር ሆድ እሳተ ገሞራ ወጥቶ የቀለጠ ድንጋይ በሸለቆው ላይ ፈሰሰ፤ በኋላም ቀዝቅዞ ጠነከረ። የጣና ሐይቅም እንዲህ ያለ ድንጋይ መውጫውን ስለ ዘጋበት ተጠራቀመ። ወንዙም ከጠንካራው ድንጋይ ጫፍ ላይ ይወድቃል። ፏፏቴው ለዓሣዎችም ግንብ ሆኖባቸዋል። ከታች ያለው ዓሣ ይህን ገደል ዘሎ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣዎች ለብዙ ዘመን ብቻቸውን ኖረው፥ ከሌላ ስፍራ የማይገኙ፥ ከአንድ ወገን የሆኑ ወደ 15 የሚጠጉ ዓይነቶች በሐይቁ ይኖራሉ። እነዚህ ከሐይቁ ቢጠፉ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

እንግዳው በበጋ ቢመጣ ግን ያን ሁሉ ውኃ ላያገኝ ይችላል። ሰፊው ፏፏቴ ቀጥኖ በጥቍሩ ዐለት ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ሆኖ ይወርዳል። ምክንያቱም ይህ ነው። በ1964 በጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1996 ውኃው ከጣና ሲወጣ በመጠን እንዲለቀቅ ጫራጫራ በተባለው ስፍራ ግድብ ተደረገ። በ2001 በጢስ ዓባይ ሁለተኛው ማመንጫ ተጨመረ። በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉ 460 ሜጋ ዋት ነው። እርሱም የሐይቁን ውኃ ከምድር በታች በተቈፈረ መንገድ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። እነዚህ ሁሉ ከአንዱ ሐይቅ ይጠጣሉ።

በዚህ ነገር ማን ይወቀሳል? ብርሃን ለሐኪም ቤት፥ ለትምህርት ቤትና ለወፍጮ ያስፈልጋል። እንግዶችን መርቶ እንጀራውን የሚበላው ሰው ደግሞ ውኃው ሲቀር እንግዳው ይቀርበታል። የሁለቱም ጕዳይ እውነተኛ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት እንዳይፈጸም፥ ከወንዙ የሚጠቀሙ ሁሉ በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው ማሰብ ይገባቸዋል። አንድ ገበሬ መስኖውን ሲከፍት ከእርሱ በታች ያለውን ጎረቤቱን እንደሚያስብ እንዲሁ ነው። ፏፏቴውን በሙላቱ ለማየት የሚወድም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቢመጣ ይሻላል።

በክረምት የመጣ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ውኃው እንደ ጭቃ ደፍርሷል። ይህ ቀለም የወንዙ አይደለም፤ ከተራራና ከማሳ የታጠበ አፈር ነው። በጥንት ይህ አፈር እስከ ግብፅ ወርዶ እርሻቸውን ያለመልም ነበር። ዛሬ አብዛኛው በወንዙ ላይ በተሠሩት ግድቦች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ከእነርሱም አንዱ በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲታጠብ ጕዳቱ ሁለት ነው፤ ገበሬው እርሻውን ያጣል፥ ግድቡም በደለል ይሞላል። መድኃኒቱ ግን ከገበሬው እጅ የራቀ አይደለም። በተዳፋት መሬት ላይ እርከን መሥራት፥ ባዶውን ተራራ ዛፍ መትከል፥ ከብትንም በገደል ላይ አለማሰማራት ነው። ለአንድ እርከን የተደረደረ ድንጋይ ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ድንጋይ በላይ ያለው አፈር የልጅ ልጅ እንጀራ ነው።

ሲመለሱ ከፏፏቴው በላይ ወንዙ ረጋ ብሎ በሚሄድበት ስፍራ በጀልባ ይሻገራሉ። በዚህ ጊዜ መሪው «ከዚህ አትለፉ» ቢል እንግዳው ሊታዘዝ ይገባዋል። ውኃው በዚያ ጸጥ ያለ ቢመስልም ገደሉ ሩቅ አይደለም። ሊዋኝ ወይም ወደ ገደሉ አፍ ተጠግቶ ሊመለከት የሚደፍር ሰው ድፍረቱ ጀግንነት አይደለም። ጀግና ማለት ሌሎችን ለማዳን በአደጋ ውስጥ የሚገባ ነው እንጂ፥ በከንቱ ገብቶ ሌሎችን ስለ እርሱ አደጋ ላይ የሚጥል አይደለም።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ሸለቆ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። ፊተኛው፥ የማያውቁትን መንገድ ከሚያውቀው ሰው ጋር መሄድ ነው። ሁለተኛው፥ ድልድይ የሠሩት ሰዎች ዛሬ የሚሻገሩበትን አላዩአቸውም፤ ቢሆንም ሠሩላቸው። እንዲሁ ዛሬ ዛፍ የሚተክል፥ እርከንም የሚሠራ ሰው ለማያየው ሰው ይሠራል። ሦስተኛው፥ ወንዝ የአንድ ሰው አይደለም። ከላይ ያለው ሲያደፈርሰው ከታች ያለው የደፈረሰውን ይጠጣል፤ ከላይ ያለው ሲጠብቀው ደግሞ ከታች ያለው ንጹሑን ይጠጣል። በየመንደሩ ጅረት አለ፤ በየጅረቱም አጠገብ ከታች የሚኖር ሰው አለ።