በምድርና በውኃ ውስጥ የጠፋ ብረት እንዴት ይፈለጋል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአውሮፕላን የተጓዘ ወይም ወደ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ብረታ ብረት የሚፈልገውን መሣሪያ ያውቀዋል። ቁልፉን በኪሱ ረስቶ በበሩ ሲያልፍ መሣሪያው ይጮኽና ዘበኛው ያስቆመዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ግን የዚሁ ወንድም ስለ ሆነው፣ በእጅ ተይዞ በሜዳና በባሕር ዳርቻ፣ አልፎም በውኃ ውስጥ ጠልቆ ስለሚሠራው መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያ ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው፤ ወርቅ በሽታው የሚያገኝ ይመስለዋል። መሣሪያው ግን ወርቅንም ሆነ ሌላውን ነገር በስሙ አያውቅም። የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ይኸውም «እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አለ» የሚል ነው። የት እንደሚፈለግ መወሰን፣ ያለውም ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ይቈፈር ወይስ አይቈፈር የሚለው ሁሉ የሰው ፋንታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሳሕን የሚመስል ክብ ነገር ይታያል፤ በውስጡ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። በዚህ ሽቦ ውስጥ አቅጣጫውን በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚለዋውጥ ኤሌክትሪክ ሲሄድበት፣ በዙሪያው እንዲሁ የሚለዋወጥ የመግነጢስ ኃይል ይፈጠራል። ኃይሉ ወደ መሬት ዘልቆ አንድ ሳንቲም ባገኘ ጊዜ በሳንቲሙ ገላ ላይ እንደ ውኃ አዙሪት የሚሽከረከር ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሣል። ያም አዙሪት በተራው የራሱን የመግነጢስ ኃይል ወደ ላይ ይመልሳል፤ በሳሕኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ሽቦ ደካማውን መልስ ተቀብሎ ወደ ድምፅ እንዲለወጥ ያደርጋል። እንግዲህ ሰውየው በጆሮው የሚሰማው የገደል ማሚቶ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

መልሱ ደካማ ነው ማለታችን በከንቱ አይደለም። ዕቃው ከሳሕኑ ራቅ ያለ በሆነ ጊዜ፣ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን የሚመለሰው ኃይል ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሥልሳ አራተኛ እጅ ገደማ ይወርዳል፤ ኃይሉ ሲሄድም ሲመለስም ይዳከማልና። ስለዚህ አንድ ሳንቲም ከስንዝር ብዙ አልፎ ከተቀበረ ብዙዎቹ መሣሪያዎች አይሰሙትም። «የወርቅ ቀለበት ከሦስት ሜትር ጥልቀት ያወጣል» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት።

የኤሌክትሪኩ አዙሪት በወፍራም ብር ላይ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በስስ ወርቅ ላይ ለአጭር ጊዜ ይቆያል፤ ተራ ብረት ደግሞ ራሱ በመግነጢስ የሚሳብ ስለ ሆነ ለየት ያለ መልስ ይሰጣል። የዛሬ መሣሪያዎች ይህን ልዩነት እየለኩ በመስታወታቸው ላይ ቍጥር ያሳያሉ። ዳሩ ግን የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የሚከፈትባት የአሉሚኒየም ቀለበትና የጋብቻ የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ቍጥር ተመሳሳይ ነው። ቆሻሻውን አልሰማም ብሎ መሣሪያውን ያስተካከለ ሰው ወርቁንም አብሮ ዘግቶታል።

መሣሪያው ሰው ባዘዘው ቦታ ብቻ እንደሚፈልግ ከመጀመሪያው ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት፣ ለብቻው ካልተገለጸ በቀር፣ በዚሁ ነው የሚቈጠሩት) ሐምሌ 2 ቀን 1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ ቀረ፤ የራጅ ጨረር ገና ያልታወቀበት ዘመን ስለ ነበረ ሐኪሞቹ የት እንዳለ ሊያዩ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ ስልክን በመፍጠሩ ስሙ የገነነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ ብረት ሲጠጋው በስልክ ማዳመጫ ድምፅ የሚሰጥ መሣሪያ አዘጋጅቶ ወደ በሽተኛው አልጋ ቀረበ። መሣሪያው በሙከራ ጊዜ ይሠራ ነበር። ነገር ግን የአልጋው ፍራሽ የብረት ጥቅል የነበረበት በመሆኑ ድምፁ ተደባለቀ፤ ከዚህም ሌላ ዋናው ሐኪም ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ ቤል በዚያው በኩል ብቻ እንዲፈልግ ተደረገ። ፕሬዚዳንቱ መስከረም 19 ቀን ዐረፉ። ሬሳቸው ሲመረመር ጥይቱ በግራ በኩል ተገኘ።

ቤል የሞከረው ነገር በሰው እጅ የሚዞር፣ በጦር ሜዳ የሚያገለግል መሣሪያ እስኪሆን ድረስ ስድሳ ዓመት ፈጀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩን ጀርመኖች የያዙበት ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሚባል የፖላንድ መኰንን በስኮትላንድ ተሰዶ ሳለ፣ በ1941 ዓ.ም. አንድ ወታደር ብቻውን ሊሸከመው የሚችል፣ ክብደቱ 14 ኪሎ ግራም የማይሞላ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ። ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም፤ ለእንግሊዝ ጦር በነጻ ሰጠው። በ1942 ዓ.ም. በግብፅ በኤል አላሜይን ጦርነት 500 ያህሉ ተሰልፈው፣ በሰዓት 100 ካሬ ሜትር ያህል ይጸዳ የነበረው የፈንጂ ሜዳ ወደ 200 ካሬ ሜትር ከፍ አለ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ትርፍ የሆነው የፈንጂ መፈለጊያ በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ተሸጠ። ከገዙትም አንዱ በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ባሕር ዳር ይኖር የነበረው ቤት ሠሪ ኪፕ ዋግነር ነው፤ የከፈለውም 15 ዶላር ነበር። የዚህ ሰው ታሪክ ምድርና ውኃ በአንድ መሣሪያ እንዴት እንደሚያያዙ ስለሚያስረዳ ዘርዘር አድርገን እንነግራለን።

በሐምሌ 1715 ዓ.ም. ከሃቫና ተነሥተው ብርና ወርቅ ጭነው ወደ ስፔን ይጓዙ የነበሩ መርከቦች በዚያ ዳርቻ አጠገብ በዐውሎ ነፋስ ተመቱ። ዐሥራ አንድ የስፔን መርከቦች ጠፉ፤ ወደ አንድ ሺህ የሚሆን ሰው ሞተ፤ አብሮ ይጓዝ የነበረ አንድ የፈረንሳይ መርከብ ብቻ አመለጠ። ሁለት መቶ ከሚበልጥ ዓመት በኋላ ዋግነር ከማዕበል ቀጥሎ በአሸዋው ላይ የጠቈሩ የብር ገንዘቦች ያገኝ ጀመር። የገንዘቦቹን ዘመን ሲመረምር ከ1715 ወዲህ የተሠራ አንድም አልነበረም። ዐዋቂዎች ግን መርከቦቹ የሰጠሙት ከዚያ በብዙ ርቀት በስተደቡብ ነው ይሉት ነበር። እርሱ አልተቀበለም። ከአንድ ሐኪም ወዳጁ ጋር መጻሕፍት ሲያገላብጥ፣ በርናርድ ሮማንስ የተባለው ካርታ ሠሪ በ1775 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የመርከቦቹ መጥፊያ ያው እርሱ የሚመላለስበት ዳርቻ መሆኑ ተመልክቶ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ዋግነር መሣሪያውን ይዞ በውኃው ላይ ሳይሆን በየብስ ላይ ፈለገ። አስተሳሰቡም ቀና ነበረ፤ ከሞት የተረፉት ሰዎችና ጭነቱን ለማውጣት የመጡት የስፔን ሠራተኞች በዳርቻው ላይ ሰፍረው መቈየታቸው አይቀርም፤ ሰፈሩ ከተገኘ መርከቡ ከፊት ለፊቱ ነው። ከአሸዋው ጉብታ በስተኋላ ባለው ቍጥቋጦ ውስጥ መሣሪያው ጮኸ፤ የመርከብ ምስማርና የመድፍ አረር ወጣ። ሰፈሩ ይኸው ነበር፤ ዛሬ በቦታው ቤተ መዘክር ተሠርቶበታል። ዋግነር መስታወት በገጠመበት ሳንቃ ላይ ተኝቶ በባሕሩ ላይ እየተንሳፈፈ የጥልቁን ወለል ሲያይ መድፎች ታዩት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኞቹ ጋር ከመንግሥት ፈቃድ አውጥቶ፣ ከሚገኘው ሩብ ለግዛቱ ሊሰጥ ተስማምቶ፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠር የብርና የወርቅ ገንዘብ አወጣ። ያ የ15 ዶላር መሣሪያ ግን ባሕር አልገባም።

ሊገባም አይችልም ነበር። ለምን ቢሉ፣ ባሕር ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ሁለት ጠላት አለበት፤ ጨውና ግፊት።

በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ጨዋማ ውኃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ በጸጥታ ይሠራ የነበረ መሣሪያ ሳሕኑ ከሞገዱ ጋር በተነካካ ቍጥር ባሕሩን ራሱን እንደ አንድ ትልቅ ብረት ቈጥሮ ይጮኻል። በሐይቅና በወንዝ ይህ ችግር እምብዛም አይደለም፤ ጨው አልባ ውኃ ለመሣሪያው እንደ አየር ነው ማለት ይቻላል። ለባሕር ግን ብልሃት አስፈለገ። አንደኛው ብልሃት ኤሌክትሪኩን ያለማቋረጥ ከመላክ ይልቅ በድንገት ልኮ መዝጋትና ከዚያ በኋላ ማዳመጥ ነው። በጨው ውኃ ላይ የተነሣው አዙሪት ወዲያው ይጠፋል፤ በብረቱ ላይ ያለው ግን ጥቂት ስለሚዘገይ፣ መሣሪያው የባሕሩ ጩኸት ካለፈ በኋላ የብረቱን ይሰማል። ነገር ግን ስስ የአንገት ሐብል የሚሰጠው መልስም ከጨው ጋር እኩል የሚጠፋ በመሆኑ ያመልጣል፤ የዛገ ምስማርንና ወርቅንም በሚገባ መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ብልሃት በአንድ ጊዜ ብዙ ዓይነት ድግግሞሽ ያለው ኤሌክትሪክ መላክ ነው። ጨው ለዝግተኛውና ለፈጣኑ ድግግሞሽ የሚሰጠው መልስ ከብረት የተለየ ስለ ሆነ፣ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር አንዱን ከሌላው እያነጻጸረ የጨውን ድርሻ ይቀንሳል። የአውስትራሊያው ሚንላብ ኩባንያ በ2018 ዓ.ም. ያወጣው ኢኲኖክስ የተባለው መሣሪያ በዚህ ዓይነት የሚሠራ፣ በሜዳም በባሕርም የሚያገለግል፣ እስከ 3 ሜትር የሚጠልቅ ነው። በጥልቅ ውኃ ለሚሠሩ ጠላቂዎች ደግሞ የአሜሪካው ጋሬት ኩባንያ ሲ ሀንተር የሚባለውን፣ እስከ 60 ሜትር የሚወርደውን መሣሪያ ሠርቷል።

ሦስት ሜትርና ስድሳ ሜትር የሚለው ቍጥር ቀላል ልዩነት አይምሰላችሁ። ዐሥር ሳንቲሜትር በዐሥር ሳንቲሜትር የሆነ የባትሪ ክዳን በ3 ሜትር ጥልቀት ላይ 30 ኪሎ ግራም ያህል ይጫነዋል፤ በ60 ሜትር ደግሞ 600 ኪሎ ግራም። ይህን ሁሉ ጭነት ተቋቁማ ውኃውን የምታስቆመው በክዳኑ ዙሪያ ያለች ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት። በእርስዋ ላይ የተጋደመች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም አንድ የጠጕር ዘለላ ውኃ ለማስገባት ይበቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው ክዳኑን ከመዝጋቱ በፊት ቀለበቷን ጠርጎ በሲሊኮን ቅባት ያብሳታል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። መሣሪያው በፀሐይ ግሎ ሳለ በድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢነከር፣ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኰማተር ውኃውን በትንሿ ቀዳዳ ይስበዋል፤ አስቀድሞ በጥላ ማቀዝቀዝ ይገባል። ደግሞ ሲገዙ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ውኃ የማያስገባው ሳሕኑ ብቻ ነው፤ የላይኛው ሣጥን ዝናብ እንኳ አይችልም። ያለ ሽቦ የሚሠራው የጆሮ ማዳመጫም በምድር ላይ ምቹ ሲሆን ከውኃ በታች ዝም ይላል፤ የሬዲዮ ሞገድ በውኃ ውስጥ፣ ይልቁንም በጨዋማው ውስጥ፣ ሩቅ ስለማይሄድ ነው። ለጠላቂ ሽቦ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ማዳመጫ ያስፈልገዋል። ከባሕር ሲወጡም ሁሉንም በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው።

መሣሪያው ጮኸ እንበል። አሁን ምን ይደረግ? ጦርነት በነበረበት መሬት ላይ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ መቈፈር ሳይሆን ለፖሊስ መንገር ነው። ሌላው ጥያቄ ግን ሰፋ ያለ ነው።

በኅዳር 1992 ዓ.ም. በምሥራቅ እንግሊዝ በሆክስን መንደር አንድ ሰው በእርሻ ውስጥ የጠፋ መዶሻ በዚህ መሣሪያ ሲፈልግ የወርቅና የብር ገንዘብ ይወጣለት ጀመር። ጥቂት አውጥቶ ቈፈራውን አቆመና ለባለሥልጣን አስታወቀ። በማግሥቱ የጥንት ታሪክ መርማሪዎች መጥተው በጥንቃቄ ቈፈሩ። ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ የሮማውያን ገንዘብና 200 ያህል የብርና የወርቅ ዕቃ ወጣ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ቈፍሮ በጆንያ ቢያመጣው ኖሮ ወርቁ አንድም አይጐድልም ነበር፤ ዳሩ ግን ዕቃው በእንጨት ሣጥን ውስጥ በሥርዓት ተደርድሮ መቀበሩ አይታወቅም ነበር፤ የበሰበሰው ሣጥን ምልክት በዐፈሩ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ነበርና። መዶሻውም ተገኘ፤ ዛሬ ከሀብቱ ጋር በብሪቲሽ ቤተ መዘክር ይገኛል። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና ያገኘውን እንዳለ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቈፈርንም ይከለክላል። ከውኃ በታች ላለው ቅርስ ደግሞ ዩኔስኮ በ2001 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት አለ፤ ከ100 ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ የቈየውን የሚመለከት ነው።

በባሕር ውስጥ የተደረገ ምሳሌ እንጨምር። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በእስራኤል አገር በቂሳርያ ወደብ፣ የክረምት ማዕበል አሸዋውን ከጠረገው በኋላ፣ ለመዝናኛ የጠለቁ ሰዎች በወለሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አዩ። በመጀመሪያ የልጆች መጫወቻ ገንዘብ መሰላቸው። ጥቂቱን ይዘው ወጡና ወርቅ መሆኑን ሲያውቁ ለመጥለቂያው ማኅበር ኃላፊ፣ እርሱም ለአገሩ የቅርስ ባለሥልጣን አስታወቀ። የባለሥልጣኑ ጠላቂዎች የብረት መፈለጊያ ይዘው ወደዚያው ቦታ ወረዱ። ወደ 2,000 የሚጠጋ የፋጢማውያን የወርቅ ዲናር አወጡ። ከሁሉ የሚበልጠው በሲሲሊ በፓሌርሞ በ9ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን፣ አብዛኛው ግን ከ996 እስከ 1036 ዓ.ም. የገዙት የከሊፋ አልሐኪምና የልጁ የአዝዛሂር ነው። መርማሪዎቹ ሁለት ግምት ሰጡ፤ አንዱ ወደ ካይሮ የሚሄድ የግብር ገንዘብ የጫነ መርከብ ሰጥሟል የሚል ነው፤ ሌላው ቂሳርያን ለሚጠብቀው የጦር ሠራዊት የመጣ ደመወዝ ነው የሚል። መሣሪያው ወርቁን ሰምቶታል፤ ከእንጨት የተሠራውን የመርከብ ገላ ግን ሊሰማው አይችልም።