ከካሬው ዋጋ በኋላ

አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ ገዝቶ ሊያከራይ ያሰበ ሰው ሊያማክረኝ ሲመጣ በቅድሚያ የሚነግረኝ የካሬውን ዋጋ ነው። ሥራዬ ንብረት መገመት ነውና እኔ መልሼ የምጠይቀው የትኛው ካሬ እንደሆነ ነው። ውሉ ላይ 120 ካሬ የተባለ ቤት ሜትር ተዘርግቶ ሲለካ 96 ሊሆን ይችላል። ሌብነት አይደለም፤ የጎደለው የደረጃው፣ የኮሪደሩና የሊፍቱ ድርሻ ነው፤ በግሮስ የሚሸጥ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው። ካሬው 100 ሺህ ብር ነው እንበል። ገዢው 12 ሚሊዮን ይከፍላል፤ በሩን ዘግቶ ለሚኖርበት ለእያንዳንዱ ካሬ ግን 125 ሺህ አወጣ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ሕንጻ 110 ሺህ ተጠርቶበት የጋራ ድርሻው 12 በመቶ ብቻ ከሆነ የሁለቱ ዋጋ ልክ እኩል ነው። ገዢው ግን የመጀመሪያውን ረከሰ ብሎ ይሮጥለታል። ተከራይ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን አይቶ ነው የሚከፍለው፤ ለኮሪደር የሚከፍል እስካሁን አላጋጠመኝም።

ድርድር ላይ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ደላላውን ነው። ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ የሚቀበል ሰው እንዴት ዋጋ እንዲወርድ ይፈልጋል ይባላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ከ12 ሚሊዮኑ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ቢቀነስ ደላላው ከአንድ ወገን የሚያጣው 10 ሺህ ብር ብቻ ነው፤ ሽያጩ ከፈረሰ ሁሉንም ያጣል። ስለዚህ የጥገናውን ዝርዝር ከነፕሮፎርማው ለእሱ እሰጠዋለሁ፤ ከእኔ በተሻለ አፍ ለሻጩ ያደርሰዋል። በተለይ ነባር ቪላ ሲሆን። ልጆች ያደጉበትን ቤት «አርጅቷል» ማለት ኩርፊያ ያመጣል፣ ኩርፊያው ደግሞ ዋጋ ይጨምራል። «እማማ፣ ቤቱን በደንብ ይዘውታል፤ የጣሪያው ቆርቆሮና ሰፕቲክ ታንከሩ ግን ይህን ያህል ያስወጣል» ሲባሉ ወረቀቱን ተቀብለው ለልጃቸው ያሳያሉ። ልጁም ተቀምጦ ያሰላል። (ገዢው ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ወሬው ባይነሳ ይሻላል። «ከአሜሪካ ነው የሚገዛው» ከተባለ በኋላ ዋጋ ማስቀነስ ዳገት ነው።)

ሻጩ ንቅንቅ አልልም ካለ ቁጥሩን እተወዋለሁ። የሚያከራክር ሌላ ብዙ ነገር አለና። «እጄ ላይ ንጹህ ይህን ያህል ይግባ» የሚል ሻጭ ግብሩንም ማዛወሪያውንም ገዢው ይቻለው እያለ ነው። በሕጉ ከቤት ሽያጭ ጥቅም ላይ የሚከፈለው 15 በመቶ ግብር የሻጩ ዕዳ ነው፤ 2 በመቶ ቴምብርና ሌላ የስም ማዛወሪያ ክፍያም አለ። ቤቱ ከብዙ ዓመት በፊት በርካሽ የተገዛ ከሆነ ይህ ግብር ብቻውን ገዢው በጭቅጭቅ ካስቀነሰው ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ካርታው የሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያው የማን እንደሆነ በውል ይጻፍ። የዕዳና የእግድ ማጣራቱም ከቀብድ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ ቀብድ ከፍሎ የተወ ቀብዱን ያጣል። ተቀብሎ የተወም እጥፉን ይመልሳል፤ ይህን የሚረሳ ሻጭ ሞልቷል።

ፊኒሺንግ ያላለቀለት ቤት «ቅናሽ አለው» ሲባል ደግሞ እርሳሴን አወጣለሁ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ሴራሚኩ፣ ኬብሉ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ አሉሚኒየሙ በአብዛኛው የውጭ ነው። ሻጩ የፊኒሺንግ ቅናሹን ያሰላው ዕቃ በገዛበት ጊዜ ዋጋ ከሆነ ያንን ልዩነት የሚሸፍነው ገዢው ነው። ዛሬ ከሱቅ የመጣ ፕሮፎርማ ሳላይ ቅናሹን ቅናሽ አልለውም።

ይህን ሁሉ የማጠብቀው ከግዢ በኋላ ማስተካከያው ጠባብ ስለሆነ ነው። በአዋጅ 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው መጠን ነው። ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ይጠብቃል፤ ተገቢ ይመስለኛል። አከራዩ ግን የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ወጪን በሚቀጥለው ወር ኪራይ ላይ መጨመር አይችልም። ስለዚህ የዓመቱን ኪራይ የማሰላው በ11 ወር ነው፤ አንዱ ወር ለቀለምና ባዶ ለሚቆይበት ጊዜ ይሁን። ከዚያ ላይ የጥበቃው፣ የሊፍቱና የጄኔሬተሩ መዋጮ ይቀነሳል።

ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሲሆን መዋጮው ቀላል ነው፣ ዋጋውም ከታችኛው ይረክሳል። ውኃ ግን በፈረቃ ነው፤ በመጣም ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይደርስ ይችላል። እዚያ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው የሕንጻው ኮሚቴ ሮቶና ፓምፕ ማስቀመጥ ይፈቅድ እንደሆነ ነው። ካልፈቀደ ቅናሹን ከኪራዩ ላይ ተከራዩ ያስቀንሰዋል፤ ጄሪካን ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው እሱ ነውና።