ከድንጋይ የማይላቀቀው የደምበጫ ዓሣ

ጎጃም ውስጥ ዓሣ ከተባለ የሚታሰበው የጣና ቀረሶና አምባዛ ነው። ድስት የማይሞላውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ወደ ዓባይ በሚወርዱት ወንዞቻችን ውስጥ ግን ከጣት ብዙም የማይረዝም፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ የሚውል ዓሣ አለ። ከዚህ ወገን አንዱን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁንና በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዋ ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሳይንስ ሲያስተዋውቁ «ጋራ ደምበጫ» ብለው ሰየሙት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ አማኑኤልን አልፈን የምናገኛት ያችው ደምበጫ ናት።

«ጋራ» የሚባለው ወገኑ ከአፍሪካ እስከ ምሥራቅ እስያ ከ100 በላይ ዓይነት አለው። ቱርክ ውስጥ የሰው እግር ቆዳ በመልቀም ስም ያወጣው ዓሣ ዘመዱ ነው። ዋና ቀለቡ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌ ነው።

አሁን ሁሉም ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። እነዚህን ዓሦች ቤቴ የማኖርበትን የመስታወት ገንዳ የሚያይ እንግዳ ሁሉ «በአፉ ጠብቶ ነው እንዲህ የተጣበቀው» ይለኛል። አይደለም! መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ከውጭ ሆናችሁ ከሥሩ ተመልከቱት። አፉ ወደ ታች የዞረ፣ እንደ ጨረቃ የጎበጠ ስንጥቅ ነው። ከአፉ በስተኋላ ደግሞ ታችኛው ከንፈር ሰፍቶ የሠራት ክብ ሥጋ አለች፤ መሐሏ ለስላሳ፣ ዙሪያዋ በጥቃቅን ጉብታዎች የተከበበ። የሚይዘው በእርሷ ነው። አፉ ነፃ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ ይግጣል፣ ይተነፍሳል። የደረቱ ክንፎችም ግራና ቀኝ ተዘርግተው ድንጋዩን ይደገፋሉ። ሲግጥ ከንፈሩ ቶሎ ቶሎ ይንቀሳቀሳል፤ ክቧ ሥጋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። እርሷ ባትኖር የሐምሌ ጎርፍ ጠራርጎ ዓባይ ባወረደው ነበር።

ማስረጃ የሚሻ ጣና አለለት። እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ከሐይቁ ከገለጹአቸው የዚህ ወገን ዓሦች በአንደኛው ላይ ይህች ሥጋ ኮስሳ ነው የተገኘችው። የሚጎትት ወራጅ በሌለበት ጠንካራ መያዣ ምን ያደርጋል?

አልጌ ፋቂ ዓሣ ሲነሣ ሰዎች የቀይ ባሕሩን ፓሮትፊሽ ይጠሩልኛል። ድንቅ ፍጥረት ነው፤ ጥርሱ ተገጣጥሞ መንቁር ስለሆነለት የኮራል ድንጋይ ሰብሮ ይውጣል፣ ፈጭቶም አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ለማኖር ግን ጨዋማ ውኃ፣ እጅግ ሰፊ ገንዳና የማያልቅ ኮራል ይፈልጋል። ለደጋ ሰው የሚስማማው ደጃፉ ያለው ነው።

የእኛው ዓሣ የሚሻው ጨው ሳይሆን ወራጅ ውኃ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚያው ልክ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም ያንሳል። ደግነቱ ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ብርዳችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ስለዚህ ማሞቂያ ትታችሁ ጠንካራ ፓምፕ ግዙ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ይኑራችሁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እስኪለቅ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። ማጣሪያው ውስጥ ጠቃሚው ባክቴሪያ እስኪረባ ሳምንታት ታገሡ። ክዳን አትርሱ፤ ይህ ዓሣ እርጥብ መስታወት ይዞ ሽቅብ ይወጣል።

ለቀለቡ እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ለስላሳ የወንዝ ድንጋዮች በባልዲ ውኃ ውስጥ አድርጌ ፀሐይ ላይ አስቀምጣለሁ፤ አረንጓዴ ሲለብሱ ገንዳ ውስጥ በተጋጡት እለውጣቸዋለሁ። አዲሱ ድንጋይ ገብቶ ውኃው ሳይረጋ አንዱ መጥቶ ይለጠፍበታል፤ ትንሽ ቆይቶ ልባሱ ላይ የግጦሹ ፈር ይታያል።

«ገንዳ ያጸዳልኛል» ብላችሁ የምትይዙት ግን ታሳዝኑኛላችሁ። የበላውን መልሶ እዚያው ይጥላል፤ ውኃ መለወጥ የእናንተ ሥራ ነው። ቢሰለቻችሁም ወንዝ አትልቀቁት፤ ከገንዳ በሽታ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ብርብራ ነው። በበጋ ውኃው ሲጎድል የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ኩሬ ውስጥ መበተን የቆየ ልማድ ነው። መርዙ የዓሣው ሰውነት በኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል። አጥማጁ ለምግብ የሚሆነውን ለቅሞ ሲሄድ ይህን ትንሽ ዓሣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ድስት ስላልሞላ ሞቱ አይቆጠርም። እኔ ግን እላለሁ፦ ደምበጫ ስሟን የሰጠችውን ዓሣ፣ ሌላው ቢቀር፣ ከመርዝ መጠበቅ አለባት።