ከካድሚየም የጸዱ የኳንተም ነጥቦች፤ በውኃ ተሠርተው ውኃን የሚመረምሩ

የአንድ ቁስ ቀለም የሚወሰነው በተሠራበት ንጥረ ነገር ብቻ ነው ብለን ማሰብ ለምደናል። የወርቅ ቀለበት ለሁለት ቢከፈል ግማሹም ያው ቢጫ ነው። ነገር ግን የአንድ ሴሚኮንዳክተር ቅንጣት መጠን ከ10 ናኖሜትር በታች ሲወርድ ይህ ግንዛቤ ይፈርሳል። በውስጡ ያለው ኤሌክትሮን መፈናፈኛ ስለሚያጣ የኃይል ደረጃዎቹ ይራራቃሉ፤ በዚህም ምክንያት ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ አነስተኛ ቅንጣት ወደ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያለው ደግሞ ወደ ቀይ ያደላ ብርሃን ይሰጣል። እነዚህ ቅንጣቶች የኳንተም ነጥቦች ይባላሉ።

ክስተቱን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሌክሴይ ዬኪሞቭ በመስታወት፣ ሉዊስ ብሩስ በፈሳሽ ውስጥ አሳዩ። ሙንጊ ባዌንዲ እ.ኤ.አ. በ1993 መጠናቸው የተስተካከለ ነጥቦችን የመሥሪያ ዘዴ አስተዋወቀ፤ ሦስቱም የ2023ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ይሁን እንጂ ዘዴው እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ የጋለ ኦርጋኒክ አሟሚ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ዋናው ጥሬ ዕቃም ካድሚየም ነበር።

ካድሚየም ምን እንደሚያደርስ የጃፓኗ ቶያማ ግዛት ታውቃለች። ከማዕድን ማውጫ ወደ ጂንዙ ወንዝ የገባው ካድሚየም በሩዝና በመጠጥ ውኃ በኩል ወደ ሰው ደርሶ ኩላሊትን ጎዳ፤ አጥንትንም አልፈሰፈሰ። ሕመሙ «ኢታይ ኢታይ» ማለትም «ያማል ያማል» ተባለ፤ የጃፓን መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1968 መንስኤውን በይፋ አመነ። እንግዲህ የመጠጥ ውኃን በካድሚየም ነጥብ መመርመር ለጅብ ሥጋ በአደራ እንደመስጠት ይሆናል።

ከምትኮቹ አንዱ፣ በቴሌቪዥን ማሳያዎች የምናገኘው ኢንዲየም ፎስፋይድ፣ ከውኃ ጋር አይስማማም። ለውኃ የሚመቸው ማንጋኒዝ በጥቂቱ የተጨመረበት ዚንክ ሰልፋይድ ነው። አሠራሩ ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ የሚከተለው ነው። የዚንክና የማንጋኒዝ ጨዎች ከግሉታታዮን ጋር በውኃ ይሟሟሉ። ግሉታታዮን ሕዋሶቻችን የሚሠሩት የሦስት አሚኖ አሲዶች ውሁድ ነው፤ በሰልፈሩ የነጥቡን ገጽ ይዞ፣ በሌላው ጫፉ ውኃን እየወደደ ቅንጣቶቹ እንዳይጓጎሉ ይከላከላል። ቀጥሎ ፒ.ኤች. በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 10 ገደማ ከፍ ይላል፤ ኦክስጅን በናይትሮጅን ይባረራል፤ ሶዲየም ሰልፋይድ ይጨመርና ድብልቁ ከመፍላት ባነሰ ሙቀት ይቆያል። ናይትሮጅኑ ለይስሙላ አይደለም። ማንጋኒዝ በአልካላይ ውስጥ ኦክስጅን ካገኘ ይቡናል፤ ብርሃኑም ይጠፋል። የተሳካው ውጤት በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ብርቱካናማ ሆኖ ያበራል።

ይህ ብርሃን የሚመነጨው ከማንጋኒዙ ሲሆን በሚሊሰከንድ የሚለካ ዕድሜ አለው። የወንዝ ውኃ የራሱ ፍካት ግን በናኖሰከንዶች ይጠፋል፤ ስለዚህ መሣሪያው ጥቂት ታግሶ ቢለካ የነጥቡን ብርሃን ብቻ ያነባል።

ምርመራው በመሟሟት ሕግ ላይ ያርፋል። የመዳብ ሰልፋይድ የመሟሟት ቋሚ ቁጥር ከዚንክ ሰልፋይድ ቢያንስ በ10 ቢሊዮን እጅ ያነሰ በመሆኑ፣ የመዳብ አዮን የዚንክን ቦታ በነጥቡ ገጽ ላይ ይቀማል፤ ብርሃኑም በመዳቡ መጠን ልክ ይደበዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ ለመዳብ በሊትር 2 ሚሊግራም፣ ለእርሳስ ደግሞ 0.01 ሚሊግራም ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። ሜርኩሪና ብርም እንዲሁ የማይሟሟ ሰልፋይድ ይሠራሉ፤ እርሳስም ግሉታታዮንን ይወዳል። ብርሃኑ ደበዘዘ ማለት ማን እንዳደበዘዘው ታወቀ ማለት አይደለም። በእኛ አስተያየት፣ በተጣራ ውኃ ብቻ የተሞከረ ዳሳሽ ገና ዳሳሽ አልሆነም። ኢንዲየም ፎስፋይድም ቢሆን ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ተፈርጇልና፣ «ከካድሚየም የጸዳ» የሚለው ቃል «ጉዳት የለሽ» ተብሎ መነበብ የለበትም።

ይህን ሙከራ ለሚያደርግ ተማሪ የሚበጀው ዘዴ፣ የሚመረመረውን ውኃ ራሱን በበርካታ ቱቦዎች ከፍሎ፣ ከአንዱ በቀር በሌሎቹ ላይ እየጨመረ የሚሄድ የታወቀ መጠን መዳብ መጨመርና የእያንዳንዱን ብርሃን ማነጻጸር ነው።