ሙሉ ሰው የሚያሳድግ ትምህርት

ወንጌላዊው ሉቃስ የጌታችንን የልጅነት ዕድገት ሲነግረን ጥበቡን ብቻ አላነሣም፤ የአካሉን ማደግና በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የነበረውን ሞገስ አብሮ ጻፈ እንጂ። እኛ ግን ልጆቻችንን የምንመዝናቸው በዓመቱ መጨረሻ በሚመጣው የውጤት ወረቀት ብቻ ነው።

ይህን ልማዳችንን የሚገሥጽ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተመሥርቷል። ስሙ አሠረ ሐዋርያት ሲሆን ትርጓሜውም የሐዋርያት ፍለጋ ማለት ነው። መሥራቹ አቶ አስፋው የምሩ የቡልጋ ተወላጅ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመታቸው አዲስ አበባ ገብተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከነዳያን ጋር አደሩ። ኋላ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አዳሪ ተማሪ ሲሆኑ፣ ከተማሪው ምሳ የተረፈውን ለጎዳና ልጆች ማደል ጀመሩ፤ በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስበውም ፊደል አስቈጠሯቸው። ከዚያ ጥላ ሥር ድኻ ሳይከፍል የሚማርበት፣ ቀለም ከእጅ ሙያ የማይለይበት፣ ልጅ የማይገረፍበት ትምህርት ቤት ወጣ። መሥራቹ በ1993 ዓ.ም. የዓለም የሕፃናት ሽልማትን ተቀበሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ታሪክ ባሰብን ቍጥር የራሳችን በደል ይታወሰናል። እኛ የቤተ ክርስቲያኑንም የዘመናዊውንም ትምህርት በአርጩሜ የተማርን ነንና በአርጩሜ አስተማርን። ሰኞ ሰኞ የሚያረፍድ አንድ ተማሪ ነበረን። ምክንያቱን ሳንጠይቅ እጁን አስዘርግተን መታነው። የሳምንት ስንቁን፣ ቂጣና ድንች፣ ተሸክሞ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ እንደሚመጣ የሰማነው ትምህርቱን ከተወ በኋላ ነው። ትምህርቱን እንጂ ልጁን አላየነውም ነበር።

ወላጆች ሆይ! ዛሬም በእንጅባራና በዳንግላ ጎጆ ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከገጠር እያመጡ የሚማሩ ልጆች አሉ። አባቶቻችን የቆሎ ተማሪ ከደጃፋቸው ቆሞ ሲለምን ባዶ እጁን አልሰደዱትም። እንግዲህ እኛም ከእነዚህ አንዱን በሰንበት ከማዕዳችን እናስቀምጠው። ቀርቀሃ ሰንጥቆ ቅርጫት የሚሠራውን ልጅ ሥራ ፈት አንበለው፤ እጁም እየተማረ ነውና። ያረፈደውንም ከመቅጣታችን በፊት ከየት እንደመጣ እንጠይቀው።

ልጅን ሙሉ ሰው አድርጎ ማሳደግ የሚጀመረው በዚህች አንዲት ጥያቄ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብም በሞገስም ያሳድግልን፤ አሜን።