ክሊክ፣ ቶን በርስት፣ ቸርፕ፦ ሚዛናችንን በድምፅ የሚለካው ምርመራ እንዴት ይሠራል?

ዛሬ ስለ ኪቦርድ ወይም ስለ ፎንት አይደለም የምጽፈው። ነገሩ ግን መጨረሻ ላይ ወደ አማርኛ ሶፍትዌር ይመልሰናል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ካልጋሪ ውስጥ ሞንተሬይ ፓርክ የሚኖር ሰው ቺኑክ የሚባለውን ሞቃት ነፋስ ያውቀዋል። ቀን በረዶውን ያቀልጠዋል፣ ማታ ውኃው ደጃፍ ላይ እንደ መስታወት ይረጋል። ባለፈው የበረዶ ወቅት እናቴ እዚያ ላይ ወደቀች። አጥንቷ ተርፏል። ግን ከመውደቋ በፊትም «ምድሪቱ ትዞርብኛለች» ትል ስለነበር ሐኪሟ የሚዛን ምርመራ እንድታደርግ ላካት። እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ።

እናቴ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኛች፤ አንገቷና ደረቷ ላይ ኤሌክትሮዶች ተለጠፉ፤ ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ገባ። ከዚያ ጠንካራ፣ አጫጭር ድምፅ ተደጋግሞ ይመታ ጀመር። ከወጣች በኋላ «ቡና የሚወቅጥ ሰው ጆሮዬ ውስጥ አስቀመጡብኝ» አለችኝ። እኔ ግን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር፦ የሚዛን ችግር ላለበት ሰው ለምን ድምፅ ያሰማሉ?

ምርመራው በአጭሩ ቬምፕ ይባላል። የውስጥ ጆሯችን የመስሚያ አካል ብቻ አይደለም። ከመስሚያው ቀንድ አውጣ መሰል ክፍል አጠገብ የጭንቅላትን መዞር የሚለኩ ሦስት ቀለበቶችና ሳኪዩልና ዩትሪክል የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ከረጢቶቹ ውስጥ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች በፀጉር መሰል ሕዋሳት ላይ ተቀምጠዋል፤ ስንዘነብል ወይም ስንፈጥን ጠጠሮቹ ሸርተት ይላሉ፣ ሕዋሳቱም ለአንጎል ይናገራሉ። ስልካችሁ ውስጥ ያለውን አክስሌሮሜትር አስቡ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

ሳኪዩል ለመስሚያው በጣም ስለሚቀርብ ጠንካራ ድምፅ ሲመጣ እሱም ይነቃነቃል። ጣሊያናዊው ቱሊዮ በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ፣ የሚዛን ቀለበታቸው በቀዶ ጥገና የተከፈተ ርግቦች ድምፅ ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን እንደሚያንቀሳቅሱ አሳይቷል። በሰው ላይ ነገሩን ወደ ምርመራ የቀየሩት ግን ሲድኒ የነበሩት ኮልባችና ሃልማጊ ናቸው፤ በ1992 ድምፅ ሲሰማ በአንገት ጡንቻ ላይ የሚታየውን ሞገድ ገለጹ። ድምፁ ሳኪዩልን ይነካል፣ ሳኪዩል ለአንጎል ግንድ ይናገራል፣ የአንጎል ግንድ ደግሞ በዚያው ወገን ያለውን የአንገት ጡንቻ ለቅጽበት «ላላ በል» ይለዋል። ከድምፁ 13 ሚሊሰከንድ ያህል ቆይቶ አንድ ጫፍ፣ 23 ሚሊሰከንድ ላይ ደግሞ ተቃራኒ ጫፍ ይታያል። ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከዓይን ሥር የሚለካ ሌላ ዓይነትም አለ፤ እሱን ለዛሬ እንተወው።

አንድ የሚገርም ነገር፦ ሞገዱ ከመስማት ጋር አይያያዝም። ፍጹም መስማት የተሳነው ሰው ሳኪዩሉ ጤነኛ ከሆነ ሞገዱ ሊታይ ይችላል። በተቃራኒው መሐል ጆሮው የቆየ ችግር ያለበት ሰው ድምፁ ወደ ውስጥ በደንብ ስለማያልፍ ሞገዱ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ በድምፅ ፈንታ አጥንት የሚያነዝር መሣሪያ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ድምፆቹ። ቤት ተመልሼ ሦስቱን በፓይተን ሠራኋቸው። (በጆሮ ማዳመጫ አጮኻችሁ አትሞክሩ! ምርመራው የሚጠቀመው ጉልበት ለጆሮ አደገኛ ከሚባለው ድንበር አጠገብ ነው። ባለሙያ የድምፁን ብዛት ቆጥሮ ያቆማል፤ የእናንተ ሉፕ አይቆጥርም። እኔ ያየሁት ግራፉን ብቻ ነው።)

ክሊክ ከሁሉ ይቀላል። 0.1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ ባለአራት ማዕዘን ምት ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚያጫውት ካርድ ላይ 4.8 ናሙና ይሆናል፤ እንግዲህ 4.8 ናሙና የሚባል ነገር ስለሌለ 5 አድርጌዋለሁ። ፉሪየር ትራንስፎርም ስትሠሩለት ጉልበቱ እስከ 10,000 ሄርዝ ድረስ ተዘርግቶ ታያላችሁ። ሳኪዩል ግን በደንብ የሚመልሰው ከ500 ሄርዝ አካባቢ ላለ ዝቅተኛ ድምፅ ነው። ከ250 እስከ 1000 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ከክሊኩ ጉልበት የሚያርፈው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሥራ ሳይሠራ ጆሮውን መትቶ ይሄዳል።

ቶን በርስት የ500 ሄርዝ ሳይን ሞገድ ቁራጭ ነው። የ500 ሄርዝ አንዱ ዙር 2 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ አንድ ዙር እየጨመረ፣ ሁለት ዙር በሙሉ ከፍታ፣ አንድ ዙር እየቀነሰ ብታደርጉት 8 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 384 ናሙና ይሆናል። ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚፈለገው ክልል ውስጥ ነው። በብዙ ክሊኒክ የተለመደው ምርጫ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፦ ከክሊክ ያነሰ መነሻ ጉልበት ይበቃዋል፣ ሞገዱም ብዙ ጊዜ ተልቆ ይታያል። ቀስ ብሎ ስለሚነሣ ግን ጫፎቹ ከክሊክ ትንሽ ዘግይተው ይመጣሉ።

ቸርፕ ላይ ቆም ልበል፤ ፕሮግራመርን የሚያታልለው እሱ ነው። ቸርፕ ድግግሞሹ እየወጣ የሚሄድ ድምፅ ነው፤ ዝቅተኛው ይቀድማል፣ ከፍተኛው ይከተላል። መጀመሪያ የታሰበው ለመስሚያ ምርመራ ነበር። በመስሚያው ክፍል ውስጥ ዝቅተኛ ድምፅ እስከ ጫፍ ድረስ ስለሚጓዝ ይዘገያል፤ ስለዚህ አስቀድመን ብንለቀው ሁሉም እኩል ይደርሳሉ። ኔትወርክ ላይ ርቆ ላለው ሰርቨር ፓኬቱን ቀድሞ እንደመላክ ነው። ብልህ ሐሳብ ነው፤ ሳኪዩል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ጉዞ የለም! ታዲያ አንዳንድ ጥናቶች ላይ ቸርፕ ለቬምፕ ለምን ጥሩ ሆነ? ዋልተርና ሴቡላ በ2016 ያቀረቡት ቸርፕ ከ250 እስከ 1000 ሄርዝ ብቻ የተወሰነ ነው። እኔ እንደሚገባኝ ጥቅሙ ከማስቀደሙ ሳይሆን ጉልበቱን በትክክለኛው ክልል ላይ ከማፍሰሱ ነው። እስከ 10,000 ሄርዝ የሚሄደው ሰፊ ቸርፕ ያንን ጥቅም መልሶ ይበትነዋል። ስለዚህ «ቸርፕ ይሻላል ወይስ ቶን በርስት?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላችሁ «የትኛው ቸርፕ?» በሉ።

ሌላም ወጥመድ አለ። ክሊክ ሲሆን ዜሮ ሚሊሰከንድ የት እንደሆነ ግልጽ ነው። ቸርፕ ግን ሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ርዝመት አለው፤ አንዱ መሣሪያ ከፋይሉ መጀመሪያ ሲቆጥር ሌላው ከፍተኛው ድግግሞሽ ከሚደርስበት ቅጽበት ይቆጥራል። በሁለተኛው አቆጣጠር ሞገዱ «ፈጥኖ» የመጣ ይመስላል። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዜሮው ነው። ዴሲቤሉም እንደዚያው፦ ከሰው የመስማት ድንበር ተነሥቶ የሚቆጠር 95 ዴሲቤል ክሊክና 95 ዴሲቤል ቶን በርስት፣ የሞገዳቸው ጫፍ በአየር ግፊት ሲለካ ከ10 ዴሲቤል በላይ ሊለያይ ይችላል። በተለይ ለሕፃናት ይህ ቀልድ አይደለም፤ የጆሮ ቀዳዳቸው ጠባብ ስለሆነ ያው መሣሪያ ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት ይጨምራል።

አሁን ወደ እናቴ አንገት እንመለስ።

አንድ ድምፅ ብቻውን ሞገዱን አያሳይም፤ የጡንቻው ጫጫታ ይውጠዋል። ስለዚህ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል እየመቱ ከ100 እስከ 200 መልስ ሰብስበው አማካይ ያወጣሉ። ጫጫታው በመልሶቹ ብዛት ካሬ ሥር ይቀንሳል፦ 100 መልስ 10 እጥፍ፣ 200 መልስ 14 እጥፍ ገደማ። 200 ድምፅ በሰከንድ 5 ማለት 40 ሰከንድ ነው። በዚያ 40 ሰከንድ ሁሉ የአንገት ጡንቻው መወጠር አለበት፤ ያልተወጠረ ጡንቻ የሚላላው ነገር የለውምና ሞገድ አይሰጥም። የሞገዱ ከፍታም ከውጥረቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ራሷን ከትራስ አንሥታ 40 ሰከንድ፣ ያውም በየጆሮው ተደጋግሞ። ሞክሩት እስቲ። እኔ ሠላሳዎቹ ውስጥ ሆኜ በ25ኛው ሰከንድ ተንቀጠቀጥኩ።

የድምፁ ምርጫ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ነው። አንድ ድምፅ ሁለት እጥፍ ሞገድ ከሰጠ፣ ያንኑ ጥራት ለማግኘት የሚያስፈልገው ብዛት ሩብ ብቻ ነው፦ 200 መሆኑ ቀርቶ 50፣ 40 ሰከንድ መሆኑ ቀርቶ 10። ለእኛ የካሬ ሥር ሒሳብ ነው፤ ለእሷ አንገቷ ነው።

የመጀመሪያው ቀን በቀኝ በኩል ሞገዱ ከሞላ ጎደል አልታየም። እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። እናቴ በወጣትነቷ ደሴ እያለች ለሳንባ ነቀርሳ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ወስዳለች፤ መድኃኒቱ ደግሞ የሚዛን ሕዋሳትን በመጉዳት ይታወቃል። ግን ባለሙያዋ ስክሪኑ ላይ ያለውን የጡንቻ ውጥረት አመልካች ባር አሳየችኝ፤ ወድቆ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ። «ራስሽን አንሺ» የሚለውን ትእዛዝ «ራስሽን ቀና አድርጊ» ብዬ ነበር የተረጎምኩት። እናቴም ራሷ ትራሱ ላይ እንዳለ አገጯን ወደ ላይ ቀና አደረገች፤ ያልኳትን በትክክል ፈጸመች። ጡንቻው ግን አልሠራም። በተሳሳተ ትርጉም ምክንያት ጤነኛ ሳኪዩል የሞተ ሊመስል ይችል ነበር።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ታብሌት ላይ አንድ ገጽ ሠራሁ። ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም፦ ነጭ መደብ፣ ትልቅ የግዕዝ ፊደል፣ የሰከንድ ቆጠራና ትእዛዙን የሚያነብ የእኔ ድምፅ። ከምርመራ መሣሪያው ጋር አይገናኝም፤ ባለሙያዋ ፈቅዳልኝ አጠገቧ ሆኜ ቁልፉን እጫን ነበር። ለቀኝ ጆሮ የሚለው «ራስዎን ከትራሱ ያንሡ። ወደ ግራ ያዙሩ። እንደዚያው ይያዙ» ነው። ግራ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ራስ ወደ ግራ ሲዞር የሚወጠረው የቀኝ ጡንቻ ነው። 40 ሰከንዱንም ሁለት ቦታ ከፈልነው፣ መሐሉ ላይ ዕረፍት። ባሩ ቆመ፣ በቀኝም ሞገዱ ታየ፤ ከግራው ትንሽ ያንሳል። ያ ምን ማለት እንደሆነ የሚናገረው ሐኪሟ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

እንዲህ ያለ ውጤት የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር የምትጽፉ ካላችሁ፣ ከሚሊሰከንዱና ከማይክሮቮልቱ አጠገብ የድምፁን ዓይነት፣ የድግግሞሽ ክልሉን፣ ዜሮው የት እንደሆነ፣ ዴሲቤሉ በየትኛው መነሻ እንደተቆጠረና የጡንቻውን አማካይ ውጥረት መዝግቡ። ሞገዱን ለውጥረቱ ማካፈል ግራና ቀኝን ለማወዳደር የተለመደ መንገድ ነው፤ ያልተመዘገበ ቁጥር ግን ማካፈል አይቻልም። ትእዛዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተሰጠ የሚይዝ አንድ መስክም እጨምራለሁ።

የቀረኝ አንድ ቃል ነው። ዙሩ ሲያልቅ የሚመጣውን መልእክት መጀመሪያ «ዘና ይበሉ» ብዬው ነበር። እናቴ ሳቀችብኝ፤ «ልዝናና ነው እንዴ የመጣሁት?» አለች። አሁን ስክሪኑ ላይ ያለው «ያሳርፉ» ነው።