ያውቁ ኖሯል? የሴቶች እኩልነት በቻይናና በአሜሪካ

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

■ ጋብቻ፦ ቻይና በ1950 ባወጣችው የጋብቻ ሕግ ያለ ፈቃድ መዳርን፣ ዕቁባት ማስቀመጥንና ሕፃናትን ማጨትን ከልክላለች። ባልም ሚስትም በየራሳቸው የቤተሰብ ስም የመጠራት መብት አገኙ። ዛሬም ቻይናዊት ስታገባ እንደ ኢትዮጵያዊቷ ሁሉ ስሟን አትቀይርም፤ አብዛኞቹ አሜሪካውያት ሚስቶች ግን የባላቸውን የቤተሰብ ስም ይወስዳሉ።

■ ሕገ መንግሥት፦ የቻይና ሕገ መንግሥት ከ1954 ጀምሮ ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። በአሜሪካ ኮንግረስ በ1972 ያሳለፈውን የእኩል መብት ማሻሻያ እስከ 1982ቱ ቀነ ገደብ ያጸደቁት፣ ከሚያስፈልጉት 38 ግዛቶች 35ቱ ብቻ ነበሩ።

■ ወሊድ፦ የቻይና ብሔራዊ ደንብ ለወለደች ሠራተኛ ቢያንስ የ98 ቀን ፈቃድ ከክፍያ ጋር ይሰጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በ1993 የፈቀደው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም መስፈርቱን ለሚያሟሉ ብቻ።

■ ሥልጣን፦ በ2022 በተመረጠው ባለ 24 አባላት የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ ፖሊትቢሮ (ከፍተኛ የአመራር አካል) ውስጥ አንዲትም ሴት አልገባችም። አሜሪካም እስካሁን ሴት ፕሬዚዳንት መርጣ አታውቅም።

እኩልነት በወረቀት መስፈሩ ትልቅ ድል ነው፤ የሚለካው ግን ሴቷ በቤቷ፣ በሥራዋና በአመራር ወንበር ላይ በምታገኘው ድርሻ ነው።